የማታው ደወልና የጫግኒ ምሽት

በማኅበራችን የንባብ ክፍል፣ ከመስኮቱ በስተቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ተቆርጦ በካርቶን ላይ የተለጠፈ አንድ ሥዕል አለ። ማን እንደ ሰቀለው የሚያስታውስ የለም። ጠርዙ ከፀሐይ ብዛት ነጥቷል፤ አንደኛው ማዕዘን ደግሞ ሻይ ፈስሶበታል። እስካለፈው ወር ድረስ ስለዚህ ሥዕል አንድ ቃል የተናገረ ሰው አልሰማሁም። ይሁን እንጂ ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ክፍሉን የማደስ ጉዳይ ሲነሣ «ያ የፈረንጅ ሥዕል ይውረድ» የሚል ሐሳብ ቀረበና ከግማሽ ሰዓት በላይ ተከራከርንበት። (ስለ መጻሕፍቱ ማነስ የተከራከርነው ዐሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ ልተወው።)

ሥዕሉ ይውረድ ያሉት ሁለት ወገን ናቸው። አንደኞቹ «አንገቱን የደፋ ገበሬ የሚያሳይ ሥዕል ድኻው ዕጣውን አሜን ብሎ እንዲቀበል ያስተምራል፤ ለተማሪ ማኅበር ክፍል አይገባም» አሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ ሥዕሉ የጨለመና ሐዘን የበዛበት ስለሆነ በምትኩ የአገራችንን ውበት የሚያሳይ ትልቅ ባለቀለም ፎቶግራፍ፣ ለምሳሌ የጀምበር መጥለቂያ ወይም የአገው ፈረሰኞች ትርኢት፣ ይሰቀል ብለው አመለከቱ። ይህን ሐሳብ ያቀረበው ጓደኛችን ወደ እኔ ዞሮ «አንተ የጫግኒ ልጅ ስለ ሆንህ ትደግፈኛለህ» አለኝ። እጄን አውጥቼ ነበር፤ ነገር ግን ተራዬ ሳይደርስ ስብሰባው ተበተነ፤ ውሳኔውም ለሚቀጥለው ጊዜ ተላለፈ። ስለዚህ መልሴን እዚህ እጽፋለሁ። አልደግፈውም።

በስቴንስል ሥዕል ማባዛት ስለማይሆንልን፣ ክፍሉን ላልረገጡ አንባብያን ሥዕሉን በቃል መንገር ግድ ነው። ሠዓሊው ዣን ፍራንሷ ሚሌ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። የሠራውም እ.ኤ.አ. ከ1857 እስከ 1859 ባለው ጊዜ፣ ከፓሪስ በስተደቡብ በምትገኝ ባርቢዞን በተባለች መንደር ተቀምጦ ነው። የሥዕሉ ስም «ላንዠሉስ» ነው። ይኸውም በካቶሊካውያን ዘንድ በጧት፣ በቀትርና በማታ ደወል ሲሰማ የሚደረስ ጸሎት ስም ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ የምናየው የማታው ነው። ሜዳው ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። በመካከሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቆመዋል። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል፤ ድንች የሚያወጣበትን ባለጣት መቆፈሪያ ከጎኑ መሬት ላይ ሰክቶታል። ሴትዮዋ እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ አጎንብሳለች። በመካከላቸው አንድ ቅርጫት ድንች፣ ከኋላዋም ጆንያ የተጫነበት የእጅ ጋሪ አለ። በስተቀኝ ከአድማሱ ላይ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት እንደ መርፌ ቀጥና ትታያለች። ፊታቸው በጥላ ተሸፍኖ በደንብ አይታይም። ሌላ ነገር የለውም። እውነተኛው ሥዕል ከ66 በ55 ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በእኛ ክፍል አንዱን የመስኮት መስተዋት ቢያክል ነው።

ይህች ትንሽ ሸራ ግን ብዙ ጉድ አይታለች። ያዘዛት አሜሪካዊ ሳይወስዳት ቀረ። በ1860 በ1,000 ፍራንክ ገደማ ተሸጠች። ሚሌ በ1875 ሞተ። በ1889 ፓሪስ ላይ በሐራጅ ስትወጣ 553,000 ፍራንክ አወጣችና ወደ አሜሪካ ተሻግራ ከከተማ ከተማ እየዞረች በገንዘብ ታየች። በማግሥቱ ዓመት ሾሻር የሚባል የፓሪስ ትልቅ ነጋዴ ከዚያም በላይ ከፍሎ ወደ አገሯ መለሳት፤ በ1909 ሲሞትም ለሉቭር ቤተ መዘክር ተናዘዛት። ከ1986 ጀምሮ የምትገኘው በኦርሴ ቤተ መዘክር ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ለሠዓሊው ቤተ ሰብ የደረሰው ድርሻ አልነበረም። ፈረንሳይ በ1920 ሥዕል በድጋሚ ሲሸጥ ለሠዓሊውና ለወራሾቹ ድርሻ የሚሰጥ ሕግ ያወጣችው እንዲህ ያለው ነገር ካሳፈራት በኋላ ነው። እንግዲህ «የሀብታም ሥዕል ነው» ያለው ወንድማችን ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም፤ በሀብታም እልፍኝ ተሰቅሎ ኖሯል። ነገር ግን በሬውን ማን ገዛው ብሎ መጠየቅና በሬው ማን እርሻ ላይ ደከመ ብሎ መጠየቅ ሁለት ጉዳይ ነው።

ሚሌ ራሱ የገበሬ ልጅ ነው። በ1814 በኖርማንዲ፣ ግሩሺ በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ተወልዶ በአባቱ እርሻ ላይ ሠርቷል። በ1857 ከታጨደ እርሻ ላይ ቃርሚያ የሚለቅሙ ሦስት ሴቶችን ሥሎ ቢያሳይ፣ የ1848ቱን አብዮት ያልረሱት የፓሪስ ጌቶች ሥዕሉ እንደ ዛቻ ሆኖ ታያቸው። ኋላም በዶማው ላይ ተደግፎ የሚያርፍ ገበሬ ሥሎ አስቀያሚ ነው ተብሎ ተሰደበበት። እኛ ክፍል የተሰቀለውን ሥዕል በሚመለከት ደግሞ ሠዓሊው ራሱ እንደ ጻፈው፣ ሐሳቡ የመጣለት ልጅ ሳለ አያቱ የማታው ደወል በተሰማ ቍጥር ሥራ አስቁመው ስለ ሙታን ጸሎት ያስደርሷቸው እንደ ነበር በማስታወስ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን የደፉት ለባለ መሬት አይደለም፤ ለሞቱባቸው ሰዎች ነው። ይህን መገዛት ብሎ የሚጠራ ሰው ወደ ማንኛውም የገጠር አጥቢያ ሄዶ የተዝካር ቀን ቆሞ ይይ።

እኔ ሥዕሉን ልብ ብዬ ካየሁት ወዲህ የሚገርመኝ ደግሞ መቆፈሪያው ነው። ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ አልጫነውም፤ ሰክቶታል። ሰው መሣሪያውን የሚሰክተው ተመልሶ ሊይዘው ሲያስብ ነው። ሥዕሉ ስለ ዕረፍት ሳይሆን ሥራ ለጥቂት ደቂቃ ስለ መቆሙ ነው የሚናገረው። ማንም ያረሰ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ያላረሰው ግን «እንዴት ያለ ሰላማዊ ምሽት ነው» ብሎ ያልፋል።

የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ጎዳና የወጡት ተማሪዎች የዛሬዎቹ ማኅበራት አያቶች ናቸው፤ በየስብሰባው ስማቸውን እናነሣለን። ከዐሥር ዓመት በኋላ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ስለ መሬቱ የጻፍነው ብዙ ነው፤ ስለ አራሹ ምሽት ግን ምን ጻፍን? ምንስ ሣልን? እዚህ ላይ ነው ከፈረንጁ ሥዕል የምማረው ነገር ያለ የሚመስለኝ።

ሚሌ ባርቢዞን ላይ ድንች ለቃሚዎቹን በሚሥልባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ በ1858 ገደማ፣ ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንደ ሆነ ይነገራል። ዛሬ ከጫግኒ ሽቅብ ወጥቶ እንጅባራና ባንጃ የደረሰ ሰው በየደጁ የሚያየው የድንች ማሳ ነው። በመኸር ጊዜ አመሻሹ ላይ እዚያ መንገድ ላይ ቆሞ ቢያይ፣ ጋሪው ቀርቶ ፈረስ ወይም አህያ ከመሆኑ በቀር፣ የሚሌን ሥዕል ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። ድንቹ መጣ፤ ሥዕሉ ግን አልመጣም።

በዚያ ዘመን ሠዓሊ አጥተን አልነበረም። የጎንደርና የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ሁሉ በሥዕል የተሸፈነ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ከነሁለት ዐይኑ፣ ክፉውን በአንድ ዐይኑ ብቻ እየሣለ፣ ከኋላቸው ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ይደለድል ነበር። ከቅዱሳን በስተጀርባ ጧትም ማታም የለም፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን አይመጣም፤ ጥላ አይጥልም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሊሥል የፈለገው ፀሐይ የማትጠልቅበትን አገር ስለ ነበረ ነው። እዚህች ጀምበር የምትጠልቅባትን አገር ግን ሳይሥላት ቀረ።

እሷን የሣሉልን መንገደኞች ናቸው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 ትግራይን አይቶ በ1809 ትልልቅ ሥዕሎችን አሳተመ። ጀርመናዊው በርናትዝ ከካፒቴን ሐሪስ መልእክት ጋር ከ1841 ጀምሮ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር መጥቶ የአፋርን ቈላና የሸዋን ደጋ በ1852 በመጽሐፍ አወጣ። ሌላው ጀርመናዊ ዛንደር በደጃዝማች ውቤ፣ ኋላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ኖሮ በ1868 ሞተ። በዚያው ዓመት ሲምፕሰን የሚባለው የለንደን ጋዜጣ ሠዓሊ ከናፒየር ዘመቻ በኩል መጣ። እነዚህ ሥዕሎች ለታሪካችን ውድ ናቸው፤ አላንኳስሳቸውም። ነገር ግን መንገደኛ የሚሥለው የሚያስደንቀውን ነው፤ ተራራውን፣ ገደሉን፣ የንጉሡን ሰልፍ። ገበሬው ቢገባበትም አብዛኛውን ጊዜ የተራራውን ትልቅነት ለማስለካት ነው። ወደ እኛም አገው ምድር በ1770 ብሩስ ግሽ ዓባይን ፍለጋ መጣ። ምንጩን አየ። ከምንጩ ውኃ ቀድታ በማታ ወደ ቤቷ የምትወጣዋን ሴት ለመሣል ግን እዚያው መክረም ያሻል።

ከዚያ በኋላ አገኘሁ እንግዳ በ1926 ወደ ፓሪስ ተልኮ የሥዕል ትምህርት ተማረ፤ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤቱን አቋቋመ፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ በዚያው አስተማረ። መንገዱ ተከፍቷል። ሆኖም እኔ እስካሁን በአየሁት ሥዕል ሁሉ ውስጥ የቤታችንን ምሽት አላገኘሁትም። ያለ እንደ ሆነ የሚያሳየኝን ሰው አመሰግናለሁ።

የቤታችን ምሽት ምን እንደሚመስል ደግሞ ልናገር። ጫግኒ ከእንጅባራ ወደ በለስ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዛሬ በአዊ ዞን የጓንጓ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ቀድሞ የመተከል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የእኛ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ልጅ ሳለሁ የመምሸቱ ምልክት ሁለት ነበር፤ አንደኛው የከብቱ አቧራ፣ ሁለተኛው ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች መብራታቸውን ማብራት መጀመራቸው። አባቴ ቀንበሩን ከበሬው ጫንቃ አውርዶ፣ ሞፈሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲመጣ፣ ለእርሱ ቀኑ አለቀ። እግሩን ታጥቦ መደቡ ላይ ይቀመጣል። የሚሌ ሥዕል እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

እናቴ ግን ቀኑን ሙሉ ዳጉሳ ስታርም ውላ ከአባቴ ጋር እኩል ከገባች በኋላ ሌላ ቀን ትጀምራለች። እንስራዋን ይዛ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ላሟን ታልባለች፤ ሊጡን ታያለች፤ እሳቱን ትጭራለች። እግሩን የምታጥበውም እርሷ ናት። በቆሎው ማሸት ሲጀምር ደግሞ እኔና ወንድሜ እራት ቀምሰን ወንጭፋችንን ይዘን ማማ ላይ እንወጣለን፤ ከርከሮና ጃርት የሚመጣው ሲጨልም ነው። ብርድ ልብስ ለሁለት አንድ ነው። አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ይጮሃል። ያን ጊዜ ከማማው ላይ ሆኜ ያየሁት የጀምበር መጥለቅ እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ የሚያምር ነው፤ እንደሚያምር ግን አላውቅም ነበር። የማውቀው ሌሊቱ እንደሚረዝም ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው በሚሌ ላይም ቅሬታ እንዳለኝ ለመናገር ነው። ሴትዮዋን ከባሏ እኩል አቁሞ ደወሉ ላይ ይተዋታል። ጋሪውን ገፍታ ቤት ስትደርስ ምን እንደሚጠብቃት አላሳየንም። ያን ሥዕል የእኛ ሰው ይሥለው።

ራሴም ንጹሕ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ለዕረፍት ቤት ሄድሁ። አመሻሹ ላይ ሰማዩ ቀልቶ፣ የጎጆው ጢስ በሣሩ መካከል እያለፈ ሲወጣ፣ እናቴ በረቱ በር ላይ ቆማ አየኋትና ስልኬን አውጥቼ «እማ፣ እንደ ቆምሽ ቁሚልኝ፤ ብርሃኑ ሳያልፍ ፎቶ ላንሣሽ» አልኋት። ጥጃው አምልጦ ላሟን ሊጨርሳት ነው፤ እኔ አላየሁትም። እናቴ ገመዱን እየጎተተች፣ «ጀምበሯ እንደ ሆነች ነገም ትጠልቃለች፤ ይኸ ጥጃ ግን ነገን አይጠብቅም! ና ያዝልኝ፣ አንተ ልጅ!» አለችኝ። ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ በስልኬ ውስጥ አለ፤ ሰማዩ በጣም ያምራል፤ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ ጥጃው ከሥዕሉ ውጭ ነው። ለጓደኞቼ ባሳየኋቸው ጊዜ ሁሉም «እንዴት ያለ ሰላም ያለበት አገር ነው» አሉኝ። በማግሥቱ ለገበያ የታሰበው ወተት እኮ ነው የጠፋው።

የጀምበር መጥለቂያ ፎቶግራፍ ይሰቀል ላለው ጓደኛችን የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ሌላም አለኝ፤ አጭር ነው። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው የመጡ በዐሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ጫግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው ቦታ በድንኳን ሰፍረው ነበር። ከብታቸው የቀረባቸው ገበሬዎች ናቸው። ማታ ማታ በየድንኳኑ በር ተቀምጠው ወደ መጡበት ወገን፣ ወደ ምዕራብ፣ ይመለከቱ ነበር። ጀምበር የምትጠልቀውም በዚያው በኩል ነው። የዚያ ወራት ሰማይ ካለፈው ዓመት ሰማይ ያነሰ ውበት አልነበረውም። ሰማዩን ብቻ ያነሣ ሰው ምን አነሣ?

ስለ ፈረሰኞቹም እንዲሁ። በየዓመቱ በጥር እንጅባራ ላይ የሚታየውን የፈረስ ትርኢት የሚወድ እንደ እኔ ያለ የለም፤ ያጌጠ ፈረስ ሲጋልብ ሳይ ልቤ ይዘላል። ግን የበዓል ፈረስ በየማስታወቂያው፣ በየቢሮው ግድግዳ ተሰቅሏል። በዓሉ ሲያልፍ ያው ፈረስ ጌጡ ወልቆ፣ እህል ተጭኖ፣ በጭቃ መንገድ ወደ ወፍጮ ቤት ሄዶ በማታ ሲመለስ የሣለው ሰው አላየሁም። እሱን ያመጣ ሰው ካለ ለመስቀል የመጀመሪያውን ድምፅ እሰጣለሁ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ እንዲህ ነው። የሚሌ ሥዕል አይውረድ፤ ፀሐይ እንዳይጨርሰው ብቻ ከመስኮቱ ርቆ በተቃራኒው ግድግዳ ይሰቀል። ከጎኑ እኩል ስፋት ያለው ቦታ ባዶ ይተው። በመካከላችን በሌክቸር ሰዓት ደብተራቸው ጠርዝ ላይ የመምህሩን ፊት የሚሥሉ ቢያንስ ሦስት ሰዎች አውቃለሁ፤ ስማቸውን አልጠራም። ከእነሱ አንዱ ወይም አንዲቱ የራሳችንን አንድ ምሽት ሥለው ያምጡልን፤ የጫግኒ መሆን የለበትም፤ የወሎ ቢሆን፣ የከፋ ቢሆን፣ የሐረርጌ ቢሆን ግድ የለኝም። ሰማዩ ቢቀላም ባይቀላም እንደ ፈለገ ይሁን፤ ሰው ግን ይኑርበት፤ ያ ሰው በእጁ የያዘው ነገር ይታይ። ማኅበሩ የሽልማት ገንዘብ የለውም። ካርቶኑንና ሚስማሩን ግን እኔ አመጣለሁ።

አንድ የጫግኒ ልጅ፣ የ3ኛ ዓመት ተማሪ